ሹትአውት የፖከር ውድድር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት መልሶች ኖ-ሊሚት ቴክሳስ ሆልደም መጫወት ለሚችል ሰው የተዘጋጁ ናቸው። የእጅ ደረጃንና የውርርድ ተራን የሚያውቅ፣ ግን ሹትአውት ገብቶ የማያውቅ ወይም ገብቶ ለምን ቶሎ እንደሚወጣ ግራ የገባው አንባቢ ይጠቀምባቸዋል።

ሹትአውት ከተለመደው ውድድር በምን ይለያል?

በተለመደው ባለ ብዙ ጠረጴዛ ውድድር ሰዎች እየወጡ ሲሄዱ አዘጋጁ ተጫዋቾችን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እያዛወረ ቁጥሩን ያመጣጥናል። በሹትአውት ማንም አይዛወርም። ከተቀመጡበት ጠረጴዛ አንድ ሰው ብቻ እስኪቀር ይጫወታሉ፤ የቀረው ሰው የጠረጴዛውን ቺፕ ሁሉ ጠቅልሎ ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋል፣ ሌሎቹ ይሰናበታሉ። ቀጥሎ አሸናፊዎቹ በአዲስ ዕጣ ተደልድለው እንደገና አንድ ሰው እስኪቀር ይጫወታሉ።

አሥር አሥር ሰው ያለባቸው 100 ጠረጴዛዎች ቢኖሩ ከ1,000 ተጫዋች 100 ያልፋሉ፣ ከ100 ደግሞ 10 ያልፋሉ፣ እነዚህ 10 የመጨረሻውን ጠረጴዛ ይሞላሉ። ስድስት ስድስት ሆነው በሦስት ዙር ከሆነ 216 ሰው ይበቃል። ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው በሁለት ዙር ከሆነ 81። ከአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሰው የሚያሳልፉ ዓይነቶችም አሉ፤ እነሱ ጋ ከዚህ በታች የሚሰጠው ምክር ግማሹ አይሠራም፣ ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ስንት ሰው እንደሚያልፍ ያረጋግጡ።

የተሳታፊው ቁጥር ልክ ካልመጣስ?

አንዳንዱ ጠረጴዛ ዘጠኝ ሰው፣ አንዳንዱ አሥር ሰው ይይዛል። ዘጠኝ ሰው ያለበት ላይ መድረስ ትንሽ ዕድለኝነት ነው፦ በእኩል ችሎታ የማለፍ ዕድሉ ከ10 በመቶ ወደ 11 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ሊጠየቅ የሚገባው የቺፑ ነገር ነው። እያንዳንዱ በ5,000 ቺፕ ከጀመረ የአሥሩ ጠረጴዛ አሸናፊ 50,000፣ የዘጠኙ ደግሞ 45,000 ይዞ ይወጣል። አዘጋጁ ይህን ልዩነት እንዳለ ሊተወው ወይም ለሁሉም እኩል ቺፕ ሊሰጥ ይችላል፤ በውድድሩ ዝርዝር ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ዘግይቼ መመዝገብ እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፣ ወይም የሚፈቀደው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ጠረጴዛ የማይመጣጠን ስለሆነ ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚቀመጠው ገና ከመጀመሪያው ክፍት በተተወ ወንበር ላይ ብቻ ነው።

ሽልማቱ እንዴት ይከፋፈላል?

በሦስት ዙር ውድድር የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ያሸነፉ ሁሉ እኩል ገንዘብ ያገኛሉ። ሁለተኛው ዙር ላይ የሚሸነፉት፣ መጀመሪያ የወጣውም ከአሸናፊው ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ የተሸነፈውም፣ ያንኑ ተመሳሳይ ገንዘብ ይዘው ይሄዳሉ። ደረጃ በደረጃ እያደገ የሚሄደው ሽልማት የሚጀምረው የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ መውጣት ምን ያስገኛል?

ምንም። አሥረኛ ከወጣው ሰው ጋር እኩል ባዶ እጅ ነው። የሹትአውት ስልት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ሕግ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሕጉን እያወቀ እንደማያውቅ ይጫወታል።

በተለመደው ውድድር መትረፍ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው፦ ሌሎች ሲወጡ እርስዎ እጅዎን አጣጥፈው ተቀምጠው ደረጃዎ ያድጋል። እዚህ የሌላ ሰው መውጣት ገንዘብ አያስገባልዎትም። ስለዚህ ቺፕ ዋጋው ቀጥተኛ ነው፤ ቺፕዎ እጥፍ ከሆነ የማለፍ ዕድልዎም በግምት እጥፍ ይሆናል። ከአሥር ሰው እኩል ሲጀምሩ 10 በመቶ የነበረው፣ አንድ ሰው አስወጥተው ቺፑን ሲወርሱ 20 በመቶ ይሆናል።

በተለይ ባለ አንድ ጠረጴዛ ሲት-ኤንድ-ጎ (ወንበሮቹ እንደሞሉ የሚጀመር ትንሽ ውድድር) የለመዱ ሰዎች እዚህ ይቸገራሉ። ሁለቱ ጨዋታዎች በመልክ አንድ ናቸው፣ በክፍያ ግን አይገናኙም። ሲት-ኤንድ-ጎው ብዙ ጊዜ ለሦስት ሰው ስለሚከፍል አራት ሰው ሲቀር መጠንቀቅ ያዋጣል። ያ ልማድ ሹትአውት ውስጥ ሲገባ አራት ሰው ቀርቶ ቺፑ በብላይንድ እያለቀበት ጥሩ እጅ የሚጠብቅ ተጫዋች ይፈጥራል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል?

ሦስት ሰዎች እኩል ቺፕ ይዘው ቀርተዋል እንበል። ተቃራኒዎ ኦል-ኢን ገባ፣ አስና ኪንግ እንደያዘም በስህተት አሳየ። እርስዎ ሁለት 8 ይዘዋል። የማሸነፍ ዕድልዎ 55 በመቶ ገደማ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ዙር ከሆነ፣ በፖት ውስጥ ያለውን ብላይንድ ባንቆጥረው እንኳ ከ50 በመቶ በላይ የሆነ ሁሉ ትርፍ ነው። ኮል ያድርጉ።

የመጨረሻው ጠረጴዛ ከሆነና ከቀረው ሽልማት አንደኛው 50፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 20 ዶላር ቢያገኝ፣ አሁን ያለዎት ቺፕ በገንዘብ ሲተመን 33.3 ዶላር ነው። ቢያሸንፉ ከቺፑ ሁለት ሦስተኛውን ይዘው ሁለት ሰው ትቀራላችሁ፤ ዋጋው 43.3 ዶላር ይሆናል። ቢሸነፉ 20 ዶላር ይዘው ይነሳሉ። ማለትም 10 ዶላር ለማትረፍ 13.3 ዶላር ያስይዛሉ፣ ለዚህም ቢያንስ 57 በመቶ ዕድል ያስፈልግዎታል። 55 አይበቃም፤ ፎልድ ነው። ካርታው አልተለወጠም፣ ተቃራኒውም ያው ነው፣ የተለወጠው የክፍያ ሰንጠረዡ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ነው የሚታየው፤ የሚሸነፉት ሁሉ እኩል ይከፈላቸዋልና።

የማሸነፍ ዕድሌ በእውነቱ ስንት ነው?

በእኩል ችሎታ ከ1,000 አንድ፣ 0.1 በመቶ። አሁን ችሎታዎ እያንዳንዱን ጠረጴዛ የማሸነፍ ዕድልዎን ከ10 ወደ 20 በመቶ አሳደገው እንበል (ይህ በጣም ብዙ ነው)። ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.8 በመቶ ይደርሳል፤ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ችሎታ በየዙሩ ስለሚባዛ ጎበዝ ተጫዋቾች ይህን ዓይነት ውድድር ይወዱታል።

ነገር ግን ያው ጎበዝ ተጫዋች ከአምስት ውድድር በአራቱ ሳንቲም አያገኝም። አሥር ሹትአውት ተጫውቶ በአሥሩም ከመጀመሪያው ጠረጴዛ አለማለፍ ለእሱ 11 በመቶ ገደማ ዕድል ያለው ነገር ነው፤ ለመካከለኛ ተጫዋች ደግሞ 35 በመቶ። አሥር ጊዜ ከስሮ «መጫወት አልችልም» ብሎ መደምደምም፣ አንዴ አሸንፎ «ተካንኩበት» ማለትም ሁለቱም ያለ ማስረጃ ነው። የመግቢያ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ኑሮዎን የማይነካ ገንዘብ ካልሆነ አይግቡ፤ የተበደሩት ገንዘብ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

ወጣት ተጫዋቾች እዚህ ለምን ይቀናቸዋል?

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ፦ ዕድሜ በራሱ ካርታ አያሸንፍም። ለውጡን ያመጣው የልምምድ ብዛት ነው። ካርታ አዳይ ባለበት ጠረጴዛ በሰዓት ከ25 እስከ 30 እጅ ይጫወታል። በኢንተርኔት አንድ ጠረጴዛ ብቻውን ከዚያ እጥፍ በላይ ያሳልፋል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ጠረጴዛ መክፈትም ይቻላል። በዚህ ያደገ የሃያ ዓመት ልጅ ቀድሞ አሥርና ሃያ ዓመት የሚፈጀውን የእጅ ብዛት በአንድ ሁለት ዓመት ይጨርሰዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰው ሆኖ መጫወትን ይለምዳል፤ ይህ ካዚኖ ውስጥ ብቻ ለተጫወተ ሰው ብርቅ ነው።

በታሪክ መዝገብ ላይም ይታያል። ፊል ሄልሙት በ1989 የዓለም ፖከር ሲሪዝ ዋና ውድድርን በ24 ዓመቱ ሲያሸንፍ የያዘው የዕድሜ ክብረ ወሰን 19 ዓመት ቆየ። በ2008 ዴንማርካዊው ፒተር ኢስትጌት በ22 ዓመቱ ሰበረው፤ እሱ የያዘው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው፣ በ2009 አሜሪካዊው ጆ ካዳ በ21 ዓመቱ ወሰደበት። ኖርዌያዊቷ አኔት ኦብሬስታድ ደግሞ በ2007 ለንደን ላይ የዓለም ፖከር ሲሪዝ አውሮፓ ዋና ውድድርን ስታሸንፍ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ቀርቷት ነበር፤ ሽልማቷ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ኢስትጌት፣ ካዳና ኦብሬስታድ ከኢንተርኔት ጨዋታ የመጡ ናቸው።

እነዚህ ሹትአውት አልነበሩም። ካዳ ግን በ2018 በላስ ቬጋስ የ3,000 ዶላር መግቢያ ያለውን ሹትአውት 363 ተሳታፊዎች መሐል አሸንፎ 226,218 ዶላር ወስዷል። ያኔ 30 ዓመቱ ነበር። በወጣትነት የተገኘው የጥቂት ሰው ጨዋታ ችሎታ አብሮ እንደሚያድግ ጥሩ ማሳያ ነው።

ስንት ዓመት ሲሞላ ነው የሚፈቀደው?

እንደ ቦታው ሕግ ይለያል። ላስ ቬጋስ 21 ነው። ለንደን 18 ነው፤ ኦብሬስታድ በዚያ ዕድሜዋ እዚያ መጫወት የቻለችው፣ ላስ ቬጋስ ላይ ደግሞ ያልቻለችው ለዚህ ነው። መታወቂያ ሲመዘገቡም ሽልማት ሲቀበሉም ይጠየቃል። ዕድሜ ሳይደርስ ተጫውቶ ያሸነፈ ሰው ሽልማቱን ሊነጠቅ ይችላል።

ጋዜጣ ላይ የተጻፈው ሽልማት ሁሉ የአሸናፊው ነው?

የግድ አይደለም። ብዙ ወጣት ተጫዋቾች መግቢያውን የሚከፍልላቸው ገንዘብ አቅራቢ አላቸው። ካዳ በ2009 ካሸነፈው 8.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ግማሹ የሁለት ገንዘብ አቅራቢዎቹ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ክሊፍ ጆሴፊ ሲሆን እሱም ራሱ በ2013 የ3,000 ዶላሩን ሹትአውት አሸንፏል። እንዲህ ዓይነት ውል ከተዋዋሉ መቶኛውን፣ ያለፈ ኪሳራ ተቀንሶ እንደሚሰላ ወይም እንደማይሰላ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ያስፍሩ። በቃል የተደረገ ውል ችግር የሚያመጣው ሲሸነፉ አይደለም፣ ሲያሸንፉ ነው።

ጠረጴዛው እየሳሳ ሲሄድ አጨዋወቴን እንዴት ልለውጥ?

ምክንያቱን ያዩ እንደሆነ መንገዱ ይገባዎታል። ብላይንድ በየእጁ የሚያስከፍልዎትን ያስሉ። አሥር ሰው ሲኖር በአሥር እጅ አንድ ተኩል ቢግ ብላይንድ ይከፍላሉ፣ በእጅ 0.15። ስድስት ሲቀር 0.25፣ ሦስት ሲቀር 0.5፣ ሁለት ሲቀር 0.75። ዝም ብሎ መቀመጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አምስት እጥፍ ይወደዳል።

ከአሥር እስከ ሰባት ሰው፦ ብላይንዱ ከቺፕዎ አንጻር ትንሽ ነው። ጥሩ እጅ ይጠብቁ። ትንንሽ ጥንዶችን በርካሽ ማየት ያዋጣል፤ ጥንድ ይዞ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛውን ማግኘት ከስምንት ተኩል ጊዜ አንዴ ስለሚሆን፣ ኮል የሚያደርጉት የእርስዎና የተቃራኒዎ ቺፕ ከከፈሉት ብዙ እጥፍ ሲሆን ብቻ ይሁን። የዚህ ጊዜ ዋና ሥራ ግን መመልከት ነው። ሰዎቹ አይለወጡም፤ ማን ብላይንዱን ሳይከላከል እንደሚተው፣ ማን ፍሎፕ ላይ ሁሌም እንደሚወራረድ፣ ማን ሪቨር ላይ በባዶ እንደማይደፍር መዝግበው ይያዙ። በኋላ ፊት ለፊት የሚፋጠጡት ከእነዚሁ ከአንዱ ጋር ነው።

ከስድስት እስከ አራት፦ በተን ላይ ሲሆኑና ሁሉም ፎልድ ሲያደርጉ በሰፊው ይክፈቱ፤ ማንኛውም አስ፣ ማንኛውም ጥንድ፣ ሁለት ትልልቅ ካርታ፣ ቁጥራቸው ተከታታይ ሆኖ ምልክታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ካርታዎች። የሬይዙ መጠን ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ቢግ ብላይንድ ይበቃል። አብዛኛው ተጫዋች እዚህ ላይ ነው የሚታሰረው፤ አሁንም የአሥር ሰው ካርታ ይጠብቃል።

ሦስት ሰው ሲቀር ፍሎፕ ላይ አንድ ጥንድ ማግኘት ጠንካራ እጅ ይሆናል። ትልቁን ጥንድ ይዘው በመጀመሪያው ትልቅ ውርርድ ከሸሹ በጣም ተጨንቀዋል ማለት ነው።

ሁለት ሰው ሲቀር በተን ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን እጁን መጫወት አለበት። ቺፕዎ ወደ 10 ቢግ ብላይንድ ሲወርድ ምርጫው ኦል-ኢን ወይም ፎልድ ይሆናል፤ በዚያ ጥልቀት ስሞል ብላይንድ ላይ ያለ ሰው ከግማሽ በላይ እጁን ኦል-ኢን ማስገባት፣ ቢግ ብላይንድ ላይ ያለው ደግሞ ከሲሶ ትንሽ በሚበልጥ እጅ ኮል ማድረግ ይገባዋል። ለዚህ የተዘጋጁ ሰንጠረዦች አሉ፤ በቃል ይያዙ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ለማስላት አይሞክሩ።

ሁለት ሰው ሲቀር ስሞል ብላይንድ የሚከፍለው ማነው?

በተኑን የያዘው። ከፍሎፕ በፊት መጀመሪያ የሚወስነው እሱ ነው፣ ከፍሎፕ በኋላ ግን መጨረሻ ይወስናል። ከሦስት ወደ ሁለት ሲወረድ ማንም በተከታታይ ሁለት ጊዜ ቢግ ብላይንድ እንዳይከፍል በተኑ ይስተካከላል። ካርታ አዳዩ ቢሳሳት ካርታው ከመታደሉ በፊት ይናገሩ።

ቺፔ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሹትአውት አንድ ምቾት አለው፤ የጠረጴዛው ጠቅላላ ቺፕ አይጨምርም አይቀንስም። አሥር ሰው በ5,000 ከጀመረ ምንጊዜም 50,000 ነው። ለቀሩት ሰዎች ያካፍሉት፣ ውጤቱን ለቢግ ብላይንድ ያካፍሉ። አምስት ሰው ቀርቶ ቢግ ብላይንድ 400 ከሆነ አማካዩ 25 ቢግ ብላይንድ ነው። ጠረጴዛዎ ከሌሎቹ ቀርፋፋ ከሆነ ሰው ሳይወጣ ብላይንዱ ስለሚያድግ አማካዩ ወደ 12 እና 10 ይወርዳል፣ ጨዋታው የዕድል ይሆናል። ስለዚህ ከጠረጴዛው እንደሚሻሉ ካመኑ ጊዜ አያባክኑ። በሌላ ውድድር ሽልማት ሲቃረብ ሰው ጊዜ ይገድላል፤ እዚህ በሌላ ጠረጴዛ የሚወጣ ሰው ስለማይጠቅምዎት ያ ዘዴ የራስን ብላይንድ ከማሳደግ በቀር ፋይዳ የለውም።

በአዲስ ዙር ብላይንዱ ከየት እንደሚጀምር ከውድድሩ ዝርዝር ይመልከቱ።

ከጓደኛዬ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ብንደለደልስ?

እንደ ማንኛውም ተቃራኒ ይጫወቱ። የሚያልፈው አንድ ብቻ ስለሆነ ሹትአውት ለመመሳጠር ይፈትናል፦ አንዱ ቺፑን ሆን ብሎ ለሌላው መልቀቅ፣ እርስ በርስ አለመወራረድ፣ ሁለት ሰው ሲቀር «አሳልፈኝና ከሽልማቱ ድርሻ ልስጥህ» መባባል። ሁሉም ያስባርራል፣ ሽልማትም ያሳጣል። ከፍተኛ ጥንድ ይዞ ሪቨር ላይ ለጓደኛ ብሎ ቼክ ማድረግም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው ጨዋነት ይመስለዋል።

ከኢንተርኔት ወደ እውነተኛ ጠረጴዛ ስመጣ ምን ያሳስተኛል?

ቁልፍ ተጭነው የለመዱት ነገር እዚህ በቃልና በእጅ ነው። ተቃራኒዎ ከተወራረደ በኋላ «ሬይዝ» ሳይሉ አንድ ትልቅ ቺፕ ቢያስቀምጡ ኮል ነው የሚባለው። ቺፕ አስቀምጠው እንደገና ተመልሰው ቢጨምሩ የመጀመሪያው ብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠኑን ይናገሩ፣ ከዚያ ቺፑን ያንቀሳቅሱ። ካርታዎን በቺፕ ይሸፍኑ፤ ካርታ አዳዩ በስህተት ከጠረገው አይመለስም። በትልቁ የሚያወጡ ቺፖችን ከፊት ያድርጉ፣ መደበቅ ክልክል ነው። ተራዎን ሳይጠብቁ ፎልድ ማድረግ ደግሞ ሦስት ሰው ሲቀር ጨዋታውን በቀጥታ ያዛባል።

በኢንተርኔት ስጫወት መስመሩ ቢቋረጥስ?

ጨዋታው አይቆምም። የተመደበልዎት ተጨማሪ ጊዜ ካለቀ በኋላ ካርታዎ በየተራው ፎልድ ይደረጋል፣ ብላይንዱ ግን ይቆረጣል። አሥር ሰው እያለ አሥር እጅ ቢያመልጥዎ አንድ ተኩል ቢግ ብላይንድ ነው የሚያጡት፤ ሁለት ሰው ቀርቶ ከሆነ ሰባት ተኩል፣ ያውም ተቃራኒዎ አንድም እጅ ሳይታገል። ሁለተኛ መስመር፣ ለምሳሌ የስልክ ዳታ፣ አስቀድመው ያዘጋጁና መቀያየሩን ከውድድሩ በፊት ይሞክሩት።